የምስጥ መድኃኒት ይዤ ወደ ዶርዜ

ሲቀላ

በጥቅምት ወር አንድ ጠዋት ከአርባ ምንጭ የተነሳሁት አንድ ቤት ከምስጥ ላድን ነው። ቤቱ ዶርዜ ላይ የሚገኘው የባለቤቴ የዳንኤል እናት ቤት ነው። ዳንኤል ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ጠይቆ አልተሰጠውም። ቢሰጠውም ብቻውን ሄዶ የሚፈይደው ነገር አልነበረም፤ መድኃኒቱን የማውቀው እኔ ነኝና።

መድኃኒት ስል ከሱቅ የሚገዛውን ማለቴ አይደለም። የአርባ ምንጩ ሰፈሬ ሲቀላ ውስጥ ጓሮ ያላት ሴት ሁሉ ታውቀኛለች። ጎመኗን ክሽክሽ ሲወርረው፣ ወጥ ቤቷን በረሮ ሲሞላው፣ በቆሎዋን ነቀዝ ሲጨርሰው የምትሮጠው ወደ እኔ ነው። ዋናው ሥራዬ ከኒም ዛፍ ጋር ነው። ኒም ለከተማችን ሰው ጥላ ነው፤ ሥሩ ይቀመጡበታል፣ ባጃጅ ያቆሙበታል፣ ፍሬው ሲረግፍ ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። እኔ እለቅመዋለሁ። አጥቤ፣ ጥላ ላይ አድርቄ፣ በሙቀጫ ወቅጬ አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ጠዋት በሻሽ አጠልለውና ቅጠል ላይ እንዲይዝ የልብስ ሳሙና ፍቄ እጨምርበታለሁ። ኒም እንደ ሱቁ መድኃኒት ወዲያው አይገድልም። ትሏ የተረጨውን ቅጠል ትቀምስና መብላት ትተዋለች። እዚያው ቅጠሉ ላይ እንደተቀመጠች፣ ምግብ ከፊቷ እያለ፣ ቀስ በቀስ ትደርቃለች። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ደስ አላለኝም፤ አሁን ለምጄዋለሁ።

ለምስጥ ግን ኒም ብቻውን ስለማይበቃኝ የብርብራ ፍሬ ዱቄት እቀላቅልበታለሁ። ብርብራ ቀልድ አያውቅም። ወንዝ ውስጥ ከበተኑት ዓሣው ሆዱን ወደ ላይ ገልብጦ ይንሳፈፋል። ስለዚህ ስወቅጠው አፍና አፍንጫዬን አስራለሁ፣ የእጅ ላስቲክ አጠልቃለሁ፣ ዕቃ ያጠብኩበትንም ውሃ ወደ ቦይ አልደፋም። ሁለቱን ዱቄት በሁለት ትንንሽ ማዳበሪያ አስሬ መናኸሪያ ወረድኩ።

ዳንኤል ሸኘኝ። ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም፤ የዚያን ቀን ግን መኪናው እስኪሞላ አብሮኝ ቆመ።

"ቤቱ ከወደቀ እማዬም አትቆይም" አለኝ። "ነይ ከእኛ ጋር ኑሪ ባልኳት ቁጥር ቤቱ ሲያልቅ ነው የምትለኝ። ሲያልቅ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አልነግርህም አለችኝ። አደራሽን።"

ዳገቱ

የጨንቻው ቅጥቅጥ ረዳት ማዳበሪያዎቼን አሽትቶ ፊቱን አጨማደደ።

"እትዬ፣ ይሄ ምንድነው? የሞተ ነገር ነው እንዴ?"

"የምስጥ መድኃኒት ነው።"

"እንግዲያው ጣሪያ ላይ ይውጣ። ሰዉን እንዳይጨርስብን!" አለና ለእያንዳንዱ ማዳበሪያ እንደ አንድ ሰው አስከፍላለሁ ብሎ ድርቅ አለ። ዱቄት ወንበር አይዝም፣ ዱቄት ውረድ ቢሉት አይጨቃጨቅም ብዬ ተሟግቼ በግማሽ ዋጋ ተስማማን። ተሳፋሪው ሳቀብኝ፤ እኔም ሳቅሁ። በዚያ ጉዞ ከልቤ የሳቅሁት እዚያው መናኸሪያ ውስጥ ብቻ ነው።

የሶዶውን አስፋልት ይዘን ጥቂት እንደሄድን ወደ ግራ ታጠፍንና ኮረኮንቹ ጀመረ። ሙቀቱ ከሙዝ እርሻዎቹ ጋር ታች ቀረ። ዓባያ ሐይቅ ከኋላችን ቀይ አፈር የተበጠበጠበት ውሃ መስሎ ይታያል። ሹራቤን አወጣሁ። እንሰቱ እየበዛ፣ ከዚያም ቀርከሃው መንገዱን ከግራና ከቀኝ እየዘጋ መጣ። ጉሙ የተቀበለን ቀርከሃው ውስጥ ነው። በቀን፣ በጠዋት፣ ሾፌሩ መብራት አበራ።

አንድ ኩርባ ላይ ድንገት ፍሬን ያዘ። ሞተሩን ሲያጠፋ ከጉሙ ውስጥ የወንዶች ድምፅ ሰማን። አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ በወፍራም ድምፅ ይቀበላሉ፤ ዘፈን ይሁን ልቅሶ አልለየሁትም። ከዚያ አንድ ቤት መጣ። ሙሉ ቤት፣ ከነጣሪያው፣ ከነበሩ፣ ከፊቱ ወጣ ካለው ደረቱ ጋር፣ መሬቱን ለቆ በብዙ ባዶ እግሮች እየተራመደ መንገዱን አቋረጠ። ሰው አይታይም። ከጉልበት በታች እግር ብቻ ነው የሚታየው፤ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ቤት ነው። መንገዱን ሲሻገር የበሩ ጨለማ አንድ አፍታ ወደ እኛ ዞረ። ከዚያ ጉሙ ዋጠው፣ ድምፁም ቀስ እያለ ራቀ። እጄ የፊቴን ወንበር ጨምድዶ እንደያዘ ያወቅሁት ኋላ ነው።

"ቤት ሲሄድ አይተሽ አታውቂም?" አሉኝ አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ። ስማቸው አቶ ታደሰ ነው፤ ቤት ሠሪ ናቸው። የዶርዜ ቤት በቀርከሃ የሚሸመን እንጂ የሚገነባ እንዳልሆነ፣ እግሩን ምስጥ ሲበላው ወንዶች ተሰብስበው አንስተው የበሰበሰውን ከሥር ቆርጠው ንጹሕ መሬት ላይ እንደሚተክሉት ነገሩኝ። "በተነሳ ቁጥር ያጥራል። ሰው ሲያረጅ እንደሚያጥረው ነው። አንቺ የማን ዘንድ ነሽ?"

የእማማ ዘነበች ምራት መሆኔን፣ ለቤታቸውም መድኃኒት ይዤ እየመጣሁ እንደሆነ ነገርኳቸው።

"ጎረቤት ነን" አሉ አቶ ታደሰ። "እናንሳልሽ ብለን ስንት ጊዜ ሄድን። ዘነበች አታስነካም። ቤቱ እንዳይነሳ ብቻ አይደለም፤ እሳትም አታነድም። ጭስ ከላይ ያለውን ቀርከሃ ይጠብቃል። ጭስ የሌለው ቤት ከላይም ከታችም ይበላል። ይሄን ደግሞ ከእኔ ይልቅ ዘነበች ታውቃለች።"

ዝቅ ያለው በር

ከአቶ ታደሰ ጋር ከመንገዱ ወርደን በእንሰቱ መሃል ወደ እማማ ዘነበች ግቢ ስንደርስ ጉሙ አልለቀቀም ነበር። የጎረቤቶቹ ቤት ሁሉ በክዳኑ ውስጥ ጭስ ያተናል። አንዱ ብቻ አያጨስም። ዳንኤል ልጅ ሳለ ከዛፍ በላይ የሚታይ ቤት ነበር ይለኛል፤ አሁን ከእንሰቱ በታች ሆኗል። በሩ ስለሰመጠ ለመግባት በጉልበቴ ሄድኩ።

ውስጡ ጨለማ ነው። ዓይኔ ሲለምድ እማማ ዘነበችን አየኋቸው። በርጩማ ላይ ቆመው ቀኝ እጃቸውን ወደ ጣሪያው ዘርግተዋል። አልዞሩም።

"መጣህ ልጄ?" አሉኝ። አማርኛን ገበያ ላይ ስለለመዱት እኔንም ዳንኤልንም እኩል አንተ ነው የሚሉን።

"ደህና ነዎት እማማ? ምን ሆነው ነው እዚያ ላይ የቆሙት?"

"ሰላም እያልኩት ነው።"

ደግፌ አወረድኳቸውና መደቡ ላይ ተቀመጥን። ቆጮ በዳጣ አቀረቡልኝ። መብላት ስጀምር ቆጮው ላይ ዱቄት ነገር ወረደ፤ እጄ ላይም፣ የእሳቸው ጋቢ ላይም። ዝም ስንል ሰማሁት። ደረቅ ቅጠል በጣት ሲፈረከስ የሚሰማ ያለ ድምፅ ነው፣ ግን አያቆምም፣ ከግድግዳው ሁሉ፣ ከራሴም በላይ ይመጣል። በሥራዬ ብዙ ተባይ አይቻለሁ። ሲበላ የምሰማው ቤት ውስጥ ተቀምጬ አላውቅም ነበር።

"ምን ነበር ሰላም የሚሉት?" አልኳቸው ድምፁን ላለመስማት ያህል።

በእጃቸው ወደ ላይ አሳዩኝ። የቤቱ ቀርከሃዎች ሁሉ የሚገናኙበት ቦታ ላይ በልጥ የተቋጠረ፣ በጥላሸት የጠቆረ፣ ጭብጥ የሚያህል ቋጠሮ አለ። ቤቱን ሲጋቡ የሠሩት ባላቸው አባባ ደምሴ ናቸው። ከመሬት ጀምሮ ሸምነው ጫፉ ላይ ሲደርሱ በውስጥ በኩል በእጃቸው ቋጥረው ዘጉት። መወጣጫው ፈርሶ ከወረዱ በኋላ የሰው እጅ ደርሶበት አያውቅም።

"ድሮ አይታይም" አሉ እማማ። "ጭስ አለ፣ ሩቅ ነው። ደምሴ ሞተ፣ እሳት ተውኩ። ጭስ ሄደ፣ ቋጠሮ ታየ። ከዚያ መውረድ ጀመረ። አምና በዱላ ነካሁት። ዘንድሮ በርጩማ ላይ ቆሜ ነካሁት። መሬት ላይ ቆሜ የነካሁት ቀን፣ ደምሴ እጄን ይይዛል። ያን ቀን ቤቱ አለቀ። እኔም አለቅሁ።"

ይህን ያሉኝ ገበያ ውለው ስለመጡበት ነገር እንደሚያወሩ ነው፤ አላለቀሱም። እኔ ግን ፈራሁ። ወዲያውም ተናደድኩ። ልጃቸው ታች ሆኖ ስለ እሳቸው እንቅልፍ ያጣል፤ እሳቸው እዚህ በጨለማ ተቀምጠው ምስጥ ይጠብቃሉ። ነገ ይሄን ነገር አቆመዋለሁ አልኩ በልቤ።

ግማሹ ዝም አለ

የዳንኤል ቤት ብለው የሚጠሯት አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ግቢው ውስጥ አለች። እዚያ አደርኩ፣ ዱቄቱንም እዚያው በርሜል ውስጥ ዘፈዘፍኩ። ጠዋት አጥልዬ፣ ላስቲኬን አጥልቄ፣ ቀርከሃው መሬት የሚገባበትን ዙሪያ በመቆፈሪያ ፈልፍዬ ማፍሰስ ጀመርኩ። አፈሩን ስከፍተው ነጫጮቹ ምስጦች ብርሃን ሲነካቸው ይሸሻሉ። ቀርከሃው ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው፤ ጣቴን ስጭነው ግን ወደ ውስጥ ገባ።

ከበሩ ጀምሬ ወደ ቀኝ እየዞርኩ ግማሹን ስጨርስ እኩለ ቀን አልፏል። ዕቃዬን ልሞላ ቀና ስል እማማ ዘነበች በጉልበታቸው ከበሩ ሲወጡ አየኋቸው።

"ምን አደረግህ?" አሉኝ። "በዚያ በኩል ዝም አለ።"

"ምስጡ ነው ዝም ያለው እማማ። መድኃኒቱ ያዘው።"

"ተው። ዝም አታሰኘው።"

ዞረው ሄዱና ገና ያላፈሰስኩበት ጉድጓድ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። ላስነሳቸው አልቻልኩም፤ ብርብራ በላያቸው አላፈስ። ጀሪካኑን አስቀምጬ እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ጆሮዬን ወደ ቤቱ ሳስጠጋ እውነታቸውን ነው። በግራ በኩል ይበላል፤ በቀኝ በኩል ምንም የለም። ያ ጸጥታ ለምን እንደከበደኝ አላውቅም። የፈለግሁት እሱን አልነበር?

አመሻሹ ላይ አቶ ታደሰ መጡ። ዙሪያውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ግማሽ ቤት አይታከምም" አሉኝ። "ይሄ ቤት እስካሁን ዙሪያውን እኩል ሲበላ እኩል ነው የወረደው። አሁን አንቺ ያከምሽው ጎን ይቆማል፣ ይኼኛው ይወርዳል። ከዚያ ይጋደማል። በላይዋ ይወድቃል።"

ሲቀላ ውስጥ መድኃኒት ከማፍሰሴ በፊት ማንንም ጠይቄ አላውቅም። እዚህም አልጠየቅሁም፤ ለቤቱ የሠራሁለት መስሎኝ መውደቂያውን ሠራሁለት። እማማ ዘነበች ሰምተዋል። ከአቶ ታደሰ ጋር በጋሞኛ ረጅም ጊዜ ተነጋገሩ። አቶ ታደሰ ለእኔ ሲተረጉሙልኝ መንገዱ ሁለት ነው አሉ። አንዱ የቀረውን ጎን አክሞ ቤቱን ባለበት ማቆም ነው። ሌላው አንስቶ፣ የተበላውን ዙሪያውን እኩል ቆርጦ፣ ሌላ መሬት ላይ መትከል ነው።

"ስንት ይቆረጣል?" አሉ እማማ፣ አሁን በአማርኛ፣ እኔን እያዩ።

"ክንድ ያህል" አሉ አቶ ታደሰ።

እማማ ክንዳቸውን ከራሳቸው በላይ አንስተው በዓይናቸው ለኩት። ከዚያ "ይነሳ" አሉ። አቶ ታደሰ ደስ ብሏቸው ሰው ለመጥራት ሄዱ። እማማ ለምን እሺ እንዳሉ የገባው ለእኔ ብቻ ነው።

ስልክ የሚይዘው ከግቢው በላይ ባለው ጉብታ ላይ ነው። ወጣሁና ደወልኩ። ዳንኤል "ምን ተገኘ?" ሲለኝ ሁሉንም ልነግረው ነበር። "ቤቱ ሊነሳ ነው፤ እማማ እሺ አሉ" አልኩት። ሲደሰት በስልክ ሰማሁትና የቀረው አፌ ውስጥ ቀረ።

የሚሄደው ቤት ውስጥ

ወንዶቹ የመጡት በነጋታው ነው። የመረጡት ቦታ ከቤቱ ትንሽ ከፍ ያለ፣ ምስጥ ያልታየበት መሬት ነው። የተረፈኝን መድኃኒት በሙሉ እዚያ አዲሱ ክብ ላይ አፈሰስኩ። እነሱ የቤቱን እግር ዙሪያውን በገጀራ ቆረጡ፣ የተቆረጠውም ቀርከሃ በእጅ ሲነኩት ዱቄት እየሆነ ፈሰሰ። መሸከሚያውን እንጨት በውስጥ አሰሩ። ያን ጊዜ እማማ ዘነበች ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ውስጥ ገቡ።

"ውጪ ዘነበች!" አሉ አቶ ታደሰ።

"ከእሱ ጋር እሄዳለሁ" አሉ። የሚያስወጣቸው አልተገኘም። እኔም ተከትያቸው ገባሁ፤ ብቻቸውን ልተዋቸው አልቻልኩም።

ድምፁ ተነሳ። አንዱ አወጣ፣ ሌሎቹ ተቀበሉ፣ ቤቱም ከመሬት ለቀቀ። በዙሪያችን ከሥር ብርሃን ገባ፤ በብርሃኑ ውስጥ የወንዶቹ እግሮች ክብ ሠርተው ይታያሉ። ከዚያ ቤቱ ሄደ። እማማ ከመሃል ሳይወጡ፣ ከላይ ቋጠሮውን እያዩ፣ ከእሱ እኩል ይራመዳሉ። እኔ ክንዳቸውን ይዣለሁ። የስንት ዓመት ጥላሸት በላያችን ይረግፋል። ቋጠሮው ከራሳችን በላይ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ መንገድ እንደሚፈልግ ሰው። ያለቀስኩ ይመስለኛል፤ ጥላሸቱ ይሁን እንጃ።

"ቀስ! ቀስ!" ሲሉ ሰማሁ። ቤቱ በላያችን ወረደ። ብርሃኑ ከዙሪያችን ተቆረጠ፣ ውጭ ያለውም ድምፅ ቆመ። በዚያ ጨለማ ውስጥ የእማማ ክንድ ከእጄ ሲወጣ ተሰማኝ። መሬት ላይ በእግራቸው እንደቆሙ እጃቸውን አነሱ።

ደረሰ።

ጣቶቻቸው ቋጠሮውን ጨበጡት። እግዚአብሔርን ምን ብዬ እንደለመንኩት አላስታውስም። ጥቂት ቆይቶ ክንዳቸው ወደ ላይ ተወጠረ፣ ተረከዛቸውም ከመሬት ለቀቀ፤ ከላይ የሚስባቸው ያለ መሰለኝ። ጨለማ ስለነበር አልምልም። ወገባቸውን አቅፌ ያዝኳቸው፤ ክብደታቸው የለም። ከዚያ ባንድ ጊዜ ተረከዛቸው መሬት ነካ። እጃቸው ወረደ።

"ያዘኝ" አሉ። ቀጥለውም፣ "ለቀቀኝ" አሉ።

እሳቸው ደረቴ ላይ ተደግፈው ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሱ። እንዳለቀሱም ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብሰብ አድርገው፣

"ሂድ፣ ከታደሰ ቤት እሳት አምጣ" አሉኝ። "በርዶኛል።"

ቤት

ወደ አርባ ምንጭ ስመለስ ማዳበሪያዎቹ ባዶ ስለነበሩ ረዳቱ ምንም አላለኝም። ኩርባዎቹን ስንወርድ ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ፤ ከእንሰቱ መሃል የየቤቱ ጭስ ከጉሙ ጋር ስለተቀላቀለ የእማማን መለየት አልቻልኩም። ሙቀቱ የተቀበለን አስፋልቱ ላይ ነው። ዳንኤል በር ላይ ሲቀበለኝ ሁሉንም ነገርኩት፤ ያን ቀን በስልክ የደበቅሁትንም። ተቆጣኝ፣ ከዚያ አቀፈኝ፣ ከዚያ ብዙ ቀን ስለዚህ ነገር ማውራት አልወደደም።

ከዚያ ጉዞ ወዲህ ሥራዬን ትንሽ ለውጫለሁ። መድኃኒት ስጪን ብለው ሲመጡ መጀመሪያ የማነው ቤቱ፣ ማን ይኖርበታል፣ እሳት ይነድዳል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። ሴቶቹ ጠንቋይ ሆንሽ እንዴ ብለው ይስቁብኛል። ተባይ ማቆም ችግር ሆኖብኝ አያውቅም። የሚበላውን እየሰማ ዝም ያለ ሰው ቤት ውስጥ መኖሩን ማወቅ ግን ከዚያ በፊት ሥራዬ አልመሰለኝም ነበር።

ከወር በላይ ቆይቶ በአቶ ታደሰ ሞባይል ተደወለልን። እማማ ዘነበች ናቸው። ስልክ ስለማያምኑ ይጮኻሉ።

"ልጄ! ያ መድኃኒትህ ጎመን ላይ ይሆናል? ክሽክሽ ገባበት!"

"የምን ጎመን?" አልኳቸው። ባላቸው ካረፉ ወዲህ አንድ ዘር መሬት ላይ ያልጣሉ ሰው ናቸው።

"የእኔ ጎመን! ዘራሁ!"

ብርብራ በጭራሽ እንዳይነካው፣ ኒሙን ብቻ እንደምልክላቸው፣ ቅጠሉን ከሥሩ ገልብጠው እንዲረጩት፣ ሳይበሉም በደንብ እንዲያጥቡት ነገርኳቸው። ከዚያ አላስቻለኝም።

"ቋጠሮውስ እማማ?"

"አለ። ሙቅ ነው።"

"እሳት ስለሚነድድ ነው።"

"እሳት ሲጠፋም ሙቅ ነው" አሉ፣ እንደ ተራ ነገር። "ዳንኤል አለ? ስጠኝ።"

ስልኩን ሰጠሁት። ጀርባውን አዙሮ ረጅም ጊዜ አዳመጠ። ሲዘጋው ፊቱን በመዳፉ ጠረገና ምን አሉህ ብዬ እስክጠይቀው ጠበቀ።

"ጎመኑን ሁሉ አልበላውም አለች" አለኝ። "ጥቂቱን ለዘር እተወዋለሁ፣ ለከርሞ።"